ከአምቡላንሱ በኋላ ያሉት ሰዓታት

ዐቢይ ጾም ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት አልፏል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ከጆርጂያ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ቤት፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀሚሳቸው በላብ ርሷል። ልጃቸው ከሥራ ገብታ «እማዬ» ስትላቸው ዐይናቸው ያያታል፣ አፋቸው ግን ሌላ ይመልሳል። በሞተች እህታቸው ስም ይጠሯታል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደው፣ ኪዳን አድርሰው፣ እህል ሳይቀምሱ ነው የተመለሱት። ልጅቱ 911 ደወለች።

ሁለት የአምቡላንስ ሠራተኞች ገቡ። አንዷ ፓራሜዲክ፣ ማለትም ከፍ ያለ ሥልጠና ያላት የአምቡላንስ ባለሙያ ናት። የሴትዮዋን ጣት ወጋ አድርጋ ስኳራቸውን ለካች፦ 38። በአሜሪካ አለካክ ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ይባላል፤ 38 ላይ አእምሮ ይስታል፤ ከዚያም ወርዶ ከቆየ ማንቀጥቀጥና ሞት ሊከተል ይችላል። ክንዳቸው ላይ ደም ስር ፈልጋ ግሉኮስ ሰቀለችላቸው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ዙሪያቸውን ቃኘት አደረጉና «ምነው ይህን ሁሉ ሰው ሰበሰብሽብኝ?» አሉ። ቀጥለውም ጾሜን አስፈታችሁኝ ብለው ተቆጡ። በድጋሚ ሲለካ 142 ሆኗል።

ቤቱ እፎይ አለ። ሴትዮዋ ሆስፒታል መሄድ አይፈልጉም፤ «ደህና ነኝ፣ ልጄን ዕዳ ውስጥ አትክተቱብኝ» ይላሉ። ልጅቱም በሆዷ ሒሳቡን እያሰላች ነው፤ እናቷ የመጡት በጉብኝት ቪዛ ነው፣ ኢንሹራንስ የላቸውም። ፓራሜዲኳ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ አስገብታ ቀኑን፣ ያሉበትን ከተማ፣ የሆነውን ነገር ጠየቀቻቸው። አንድ ሳይሳሳቱ መለሱ። ከዚያ አስተርጓሚው፣ «እማማ፣ የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ?» አላቸው።

«እንዴታ! አንድም ቀን አቋርጬ አላውቅም። ዛሬም ጠዋት ውጬ ነው የወጣሁት።»

ልጅቱ ከመኝታ ቤት አንድ የፕላስቲክ ከረጢት አመጣች። ውስጡ ከአዲስ አበባ የመጡ የክኒን ማሸጊያዎች አሉ፤ ግሊቤንክላማይድ ይላሉ። ፓራሜዲኳ ስሙን አላወቀችውም። ስልኳ ላይ ፈልጋ ስታገኘው፣ አሜሪካ ውስጥ ግላይቡራይድ የሚባለው መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። ልታስፈርማቸው የያዘችውን የ«አልሄድም» ወረቀት አስቀመጠችና ሌላኛውን ሠራተኛ ቃሬዛውን እንዲያመጣ ነገረችው።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ አይደለም፤ የአምቡላንስ ሠራተኞችን በየጊዜው ከሚገጥሟቸው ነገሮች የተገጣጠመ ምሳሌ ነው። ያመጣሁት ጥያቄውን ከነሥጋው ስለሚያሳይ ነው፦ በሽተኛን ቤቱ ውስጥ አክሞ፣ እዚያው ትቶ መሄድ የሚቻለው መቼ ነው? አብዛኞቻችን መልሱን የምንፈልገው ዐይናችን በሚያየው ነገር ላይ ነው። ተናገሩ፣ ቁጥሩ ተስተካከለ፣ ተቆጡ፤ እንግዲህ ድነዋል። ፓራሜዲኳ ያየችው ግን ሌላ ነገር ነው። በሩ ተዘግቶ፣ መሣሪያውና ባለሙያው ከሄዱ በኋላ ባሉት ስድስት፣ አሥር፣ ሃያ አራት ሰዓታት ምን ሊመጣ እንደሚችል ነው ያሰበችው። የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚያ ይመስለኛል።

እዚያው ሶፋ ላይ፣ በዚያው 38 ቁጥር፣ ፈጣን ኢንሱሊን የሚወጋ የአርባ ዓመት ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ወግቶ ምሳውን ሳይበላ ሥራ ያዘው እንበል። ምክንያቱ ታውቋል፤ መድኃኒቱም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጉልበቱን ይጨርሳል። አእምሮው ሙሉ በሙሉ ከተመለሰ፣ ስኳሩ በድጋሚ ተለክቶ ከተስተካከለ፣ ትኩሳት ወይም ሌላ ሕመም ከሌለበት፣ አብሮት የሚያመሽ ነቃ ያለ አዋቂ ካለ፣ በአሜሪካም በእንግሊዝም ብዙ የአሠራር መመሪያዎች ቤቱ እንዲቀር ይፈቅዳሉ። አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ፓራሜዲኩ ሳይሄድ ፊቱ ቁጭ ብሎ መብላት አለበት። በደም ስር የገባ ግሉኮስ ቶሎ ያልቃልና ዳቦው፣ እንጀራው፣ ሩዙ የሕክምናው ግማሽ ነው። «ኋላ እበላለሁ» የሚል በሽተኛ ገና አልታከመም።

ግሊቤንክላማይድ ግን ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን የሚያስረጭ መድኃኒት ነው። ስኳሩ ወርዷል ብሎ መግፋቱን አያቆምም። ጠዋት የተዋጠ ክኒን ሥራው እስከ ማግስት ሊዘልቅ ይችላል፤ ከሰውነት የሚወጣው ከፊሉ በኩላሊት በኩል ስለሆነ ደግሞ ኩላሊታቸው የደከመ አዛውንት ዘንድ ከዚያም ይቆያል። ይባስ ብሎ፣ ለማዳን የተሰጠው ግሉኮስ ራሱ ቆሽቱን ቀስቅሶ ተጨማሪ ኢንሱሊን ሊያስመነጭ ይችላል። 142 የነበረው ቁጥር ከጥቂት ሰዓት በኋላ 40 ሆኖ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ያ የሚሆነው ሌሊት፣ ቤተሰቡ ሁሉ «ደከማቸው፣ ይተኙ» ብሎ በሩን ከዘጋባቸው በኋላ ከሆነስ? ለዚህ ነው እንዲህ ዓይነት ክኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሲወርድ ሆስፒታል ገብቶ በየሰዓቱ እየተለካ መቆየት ያለበት። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ቢርስ በሚባለው ዝርዝሩ ይህን መድኃኒት ለአረጋውያን ከማዘዝ መቆጠብ እንደሚገባ ሲመክር ቆይቷል። እኛ አገር ግን ከሜትፎርሚን ጋር በየጤና ጣቢያው ሲታዘዝ የኖረ፣ ዋጋውም የማይከብድ ክኒን ነው። ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ውቅያኖስ መሻገሩ አያስገርምም።

የጾሙ ነገር ብቻውን ጽሑፍ ይወጣዋል። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው ከጾም ታሳርፋለች፤ በእስልምናም በሽተኛ ከረመዳን ጾም ነጻ ነው። እናቶቻችን ግን በፈቃዱ አይጠቀሙም። ምግቡን ይተዋሉ፣ ክኒኑን አይተዉም። ሐኪማቸውንም የነፍስ አባታቸውንም ሳያማክሩ ይቀራሉ።

በአሜሪካ ይህን የመውሰድና የማስቀረት ጥያቄ ለብዙ ዓመታት የመለሰው ሕክምና ሳይሆን ሒሳብ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) እስከ 1960ዎቹ ድረስ በብዙ ከተሞች የአምቡላንስ አገልግሎት የሚሰጡት የቀብር አስፈጻሚዎች ነበሩ፤ ምክንያቱም ሰው አጋድሞ መውሰድ የሚችል መኪና ያለው እነሱ ዘንድ ነበር። የአረጋውያኑ የመንግሥት ኢንሹራንስ ሜዲኬር በ1965 ሲታወጅ አምቡላንስን ያሰፈረው በዚያ ዘመን ዐይን ነው፤ በሌላ መንገድ ሊጓጓዝ ለማይችል በሽተኛ የሚከፈል የመጓጓዣ አገልግሎት አድርጎ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፒትስበርግ ውስጥ ፍሪደም ሃውስ የተባለ አገልግሎት ተጀመረ። ሥራ ያጡ ጥቁር ወጣቶችን ሰብስቦ፣ በዶክተር ፒተር ሳፋር መሪነት አሠልጥኖ፣ ሕክምና ከበሽተኛው ቤት መጀመር እንደሚችል አሳየ። ሙያው አደገ፤ መድኃኒቱ፣ የልብ ሞኒተሩ፣ ሥልጠናው መጣ። የክፍያው ሕግ ግን በሽተኛውን ጭኖ ለተጓዘ መንኮራኩር መክፈሉን ቀጠለ።

የዚህን ውጤት ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። አንድ ቡድን ሰው ቤት ገብቶ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አክሞ፣ አብልቶ፣ መክሮ ቢወጣ ሜዲኬር ምንም አይከፍለውም። ያንኑ ሰው ሃያ ደቂቃ ነድቶ የድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ ቢያስቀምጠው ይከፈለዋል። መንግሥት ይህን ያወቀው ዘግይቶ ነው። በየካቲት 2019 ሜዲኬር አዲስ ሙከራ እንደሚጀምር አስታወቀ፤ ቡድኑ በሽተኛውን ክሊኒክ ቢወስደው፣ ወይም በቪዲዮ ሐኪም እያገናኘ ቤቱ ቢያክመው እንዲከፈለው። ሙከራው በጥር 2021 ሥራ ጀመረ፤ የታሰበለት አምስት ዓመት ነበር። በ2023 መጨረሻ፣ ሁለት ዓመት ሲቀረው ተዘጋ። የተሰጠው ምክንያት ከተጠበቀው ያነሰ ተሳትፎ ነው። እኔ እንደማየው ገንዘብ ብቻውን የስልሳ ዓመት ልማድ አይሰብርም፤ ሌሊት በቪዲዮ የሚነሳ ሐኪም፣ በማግስቱ የሚቀበል ክሊኒክ፣ የሚያጸና መመሪያ አብሮ ካልመጣ፣ አምቡላንሱ ወደሚያውቀው በር መሄዱ አይቀርም።

እንግሊዞች ሌላ መንገድ ያዙ። ሼፊልድ ውስጥ የተደረገና በ2007 የታተመ ጥናት አለ፤ በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሁሉ ዋነኛው ይመስለኛል። የተወሰኑ ፓራሜዲኮች ተጨማሪ ሥልጠና ተሰጣቸው፤ ቁስል መስፋት፣ መገጣጠሚያ መመርመር፣ አረጋዊው በቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማየት። ከዚያ ሳምንታቱ በዕጣ ተከፈሉ፤ በአንዱ ሳምንት እነዚህ ሠራተኞች ይሰማራሉ፣ በሌላው የተለመደው አሠራር ይቀጥላል። ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ 3,018 ሰዎች ገቡበት። አዲሶቹ ባለሙያዎች በተሰማሩበት ሳምንት የደወሉት ሰዎች ድንገተኛ ክፍል የመግባት ዕድላቸው በ28 ከመቶ አነሰ፤ በ28 ቀናት ውስጥ ሆስፒታል የመተኛታቸው ዕድልም በ13 ከመቶ። የሞቱት ሰዎች ቁጥር አልጨመረም። ሰዎቹም የበለጠ ረክተው ነበር፤ የሰማንያ ዓመት ሰው ሌሊቱን ኮሪደር ላይ ከሚያድር ቤቱ ቢታከም መምረጡ ሊደንቀን አይገባም። ለአረጋዊ ሆስፒታል ራሱ አደጋ አለው፤ ግራ መጋባት፣ ኢንፌክሽን፣ አልጋ ላይ ውሎ የሚሟሽሽ ጡንቻ። ዛሬ በእንግሊዝ አምቡላንስ ከሚደርስባቸው ጉዳዮች ድንገተኛ ክፍል የሚገባው በግምት ግማሹ ነው። ከ2018 ጀምሮ ከፍተኛ ሥልጠና ያላቸው ፓራሜዲኮች መድኃኒት እስከ ማዘዝ ተፈቅዶላቸዋል።

ሼፊልድን አንብቦ «እንግዲያው ይቅሩ» ማለት ግን ስህተት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የተለያዩ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ወጣ፤ ተራ ሥልጠና ያለው ፓራሜዲክ በራሱ ግምት «ይህ ሰው መሄድ አያስፈልገውም» ብሎ እንዲወስን የሚያስችል በቂ ማስረጃ የለም አለ። ሁለቱ አይጋጩም። የሼፊልዶቹ በግምት አልሠሩም፤ ሥልጠናና ጊዜ ነበራቸው፣ የሚደውሉለትም ሰው ነበራቸው።

መውደቅን ውሰዱ። ከአረጋውያን ጥሪ ትልቅ ድርሻ ያለው ነው። አባት መታጠቢያ ቤት ተንሸራተው ወድቀዋል፤ ልጆቻቸው ማንሳት አቅቷቸው ደወሉ። ሠራተኞቹ ደግፈው አነሷቸው፣ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፣ «ምንም አልሆንኩም» አሉ። ጎበዝ ፓራሜዲክ እዚህ ላይ አይሄድም። ብድግ ብለው እንዲራመዱ ያያል፤ የተሰነጠቀ ዳሌ ተቀምጦ አይታወቅም። ወለሉ ላይ ምን ያህል እንደቆዩ ይጠይቃል፤ ከሰዓት በላይ የተጋደመ ሰው ጡንቻው እየተጎዳ ኩላሊቱን ሊያደክም ይችላል። ለምን ወደቁ? ምንጣፉ አደናቅፏቸው ነው ወይስ ልባቸው ለአፍታ ቆም ብሎ? ጭንቅላታቸውን መተዋል? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ? ዋርፋሪን ወይም ኤሊኩዊስ የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን ከመታ፣ አሁን እየሳቀ ቢያወራም፣ የራስ ቅል ውስጥ ቀስ ብሎ የሚፈስ ደም ሊኖር ይችላል። ይህን የሚያሳየው እንደ ሲቲ ስካን ያለ ምርመራ ነው፤ ሲቲ ስካን ደግሞ በተለመደው አምቡላንስ አይዞርም።

የአደንዛዥ ዕፁ ጉዳይ ደግሞ ጊዜ እንዴት መልሱን እንደሚለውጥ ያሳያል። ሳንዲያጎ ውስጥ ሄሮይን በዝቶባቸው ናርካን የተባለው ማርከሻ ተሰጥቷቸው የነቁ፣ ሆስፒታል አንሄድም ያሉ 998 ሰዎች ተከታትለው ታዩ፤ በ12 ሰዓት ውስጥ ከእነሱ መካከል የሞተ ሰው አልተገኘም። ጥናቱ የታተመው በ2003 ነው። የናርካን ኃይል ከግማሽ ሰዓት እስከ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ይደክማል፤ ሄሮይንም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይደክም ነበር። ዛሬ መንገድ ላይ የሚሸጠው ፌንታኒልና ከሌላ ነገር ጋር የተደባለቀ ዱቄት ነው፤ ረጅም ጊዜ የሚሠራ ክኒን የዋጠም አለ። ያኔ እውነት የነበረን ነገር ዛሬ እንዳለ መውሰድ አይቻልም።

ከቁጥሩ በፊት ደግሞ ዐይን አለ፤ ዐይን ይሳሳታል። በጥር 2006 ዴቪድ ሮዘንባም የተባለ አንጋፋ የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ዲሲ ውስጥ ቤቱ አካባቢ በሌቦች ጭንቅላቱን ተመቶ ወደቀ። የደረሱት ሠራተኞች መጠጥ ሸተታቸውና ሰክሯል ብለው ደመደሙ። ያን ስም ካወጡለት በኋላ የጭንቅላቱን ጉዳት የፈለገ አልነበረም፤ ጉዳዩም ዝቅተኛ ሆኖ ተመዘገበ። ከሁለት ቀን በኋላ አረፈ። የከተማው ዋና ተቆጣጣሪ በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት ውድቀቱ የአንድ ሰው ሳይሆን በየደረጃው የተያያዘ መሆኑን አሳየ፤ ቤተሰቡም የ20 ሚሊዮን ዶላር ክሱን ከተማው አሠራሩን እንዲያሻሽል አስማምቶ ተወው። እርግጥ ሮዘንባም ወደ ሆስፒታል ተወስዷል። ሠራተኞቹን የመራው ሐሳብ ግን ሰውን ቤቱ ጥሎ ለመሄድ የሚያበቃው ያው ነው፦ «ይሄ ቀላል ነው» ብሎ አስቀድሞ መወሰን። ሰካራም የሚመስል ሰው ስኳሩ የወረደ ሊሆን ይችላል፤ ጭንቅላቱ የደማ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ሆኖ ሰክሮም ሊሆን ይችላል።

አሜሪካ ውስጥ ቤት ከሚቀሩት ብዙዎቹ በፓራሜዲኩ ውሳኔ አይደለም የሚቀሩት። «አልሄድም» ብለው ፈርመው ነው። ይህ ፊርማ ለድርጅቱ ጠበቃ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ሕክምና አይደለም። ፈራሚው የሚፈርመውን መረዳት አለበት፤ አእምሮው የተመለሰ፣ ምን ሊመጣበት እንደሚችል በራሱ አፍ መድገም የሚችል። በልጁ አስተርጓሚነት፣ ልጁ ደግሞ ዕድሜው አሥራ ሁለት ሆኖ፣ «ፈርሚ ትላለች» የተባሉ እናት ምን እንደፈረሙ አያውቁም። የገንዘብ ፍርሃቱም አለ፤ በብዙ ከተሞች የአምቡላንስ ሒሳብ ብዙ መቶ ዶላር ነው፣ ሺህ የሚያልፍበትም አለ። የእኛ ሰው እምቢ ሲል ብዙ ጊዜ ደህና ስለሆነ አይደለም። ፓራሜዲኩ ይህን ካላወቀ ፊርማውን እንደ ጤንነት ምልክት ይወስደዋል።

የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ ክርክር ኢትዮጵያ ውስጥ በሌላ በር ገብቶ በከፊል ተመልሷል። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴቶችን አሠማራ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን እዚያው ጤና ኬላ እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው። ሐኪም አይደሉም፤ ስቴቶስኮፕም አልተሰጣቸውም። የተሰጣቸው መቁጠሪያና ሠንጠረዥ ነው። ሕፃኑ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይተነፍሳል? ከሁለት ወር እስከ ዓመት ላለው 50 ከሞላ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለው 40 ከሞላ ፈጣን ነው፤ አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል። መጥባት ወይም መጠጣት አቅቶታል? ያንቀጠቅጠዋል? የበላውን ሁሉ ያስታውካል? ራሱን ስቷል ወይ እጅግ ደክሟል? ከእነዚህ ምልክቶች አንዷ ካለች ሕክምናው እዚያ አያልቅም፤ ሠራተኛዋ የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ትልከዋለች። እቤት የሚመለሰውም ቢሆን ከሁለት ቀን በኋላ ይታያል። ድንቁ ነገር ያ ቀጠሮ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እዚያው ቀበሌ ናት፤ የሕፃኑን እናት በስም ታውቃለች፣ ባትመጣ ታገኛታለች። አሜሪካዊው ፓራሜዲክ በብዙ መሣሪያ ይበልጣታል፤ በሽተኛውን ግን ዳግመኛ ላያየው ይችላል።

አገር ቤት ስለ አምቡላንስ ያለን ልማድም እዚህ ይከተለናል። ቀይ መስቀል፣ በየወረዳው የተሰጡት የምጥ አምቡላንሶች፣ አዲስ አበባ ላይ አቶ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው የጀመሩት ጠብታ አምቡላንስ፤ ሁሉም በዋናነት የምናውቃቸው «የሚወስዱ» ሆነው ነው። ስለዚህ እዚህ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ለሞት ካልሆነ አይደውልም፤ ሌላው አምቡላንሱ መጥቶ ካልወሰደው ተንቄያለሁ ይላል።

ዲሲ ለሁለተኛው ዓይነት ጥሪ ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ ነርስ አስቀምጣለች፤ 911 ተደውሎ ጉዳዩ አስቸኳይ ካልመሰለ ጥሪው ወደ እሷ ይዞራል። ትጠይቃለች፣ ክሊኒክ ቀጠሮ ታስይዛለች፣ ሜዲኬይድ የተባለው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ ላለው መጓጓዣም ይታዘዝለታል። ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው፤ ስልኩን ያነሳችው ሴት አማርኛ መሆኑ እስኪገባት ግን «አምሃሪክ» ማለት ያስፈልጋል።

እቤት የሚሠራ ነገርም አለ። መድኃኒቱ ሁሉ፣ ከአገር ቤት የመጣውም፣ የባሕል መድኃኒቱም፣ የተቋረጠውም አንድ ቦታ ይቀመጥ፤ አረጋዊው የሚወስደው፣ የወሰደበት ሰዓትና የሐኪሙ ስልክ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጠፍ። ሠራተኞቹ «ይቅሩ» ካሉ ሳይወጡ ጠይቁ፦ ስኳሩን በስንት ሰዓት እንለካ? ስንት ከሆነ እንደውል? ሌሊት እንቀስቅሳቸው? ነገ የሚያያቸው ማን ነው? የሚሰጧችሁን ወረቀት አትጣሉት፤ በዚያው ሌሊት እንደገና ከደወላችሁ፣ ሁለተኛው ቡድን ከበር እንደገባ የሚጠይቃችሁ የመጀመሪያው ቡድን ምን አግኝቶ ምን እንደሰጠ ነው።